ሲስተም የለም ሲባል ምን ጎደለ?



በየቢሮውና በየባንኩ መስኮት አንድ አጭር መልስ አለ፤ «ሲስተም የለም»። ይህን ሰምቶ ወደ ቤቱ ያልተመለሰ ሰው እዚህ የበና ፀማይ ወረዳ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም። አብዛኞቻችን መብራት ጠፍቷል ወይም ኔትወርክ የለም ማለት ነው ብለን እንወስደዋለን። ብዙ ጊዜም እንደዚያው ነው። ነገር ግን መብራቱ እያለ፣ መስመሩ እየሠራ፣ ሰርቨሩም ደኅና ሆኖ ሳለ ይኸው መልስ የሚሰጥበት ጊዜ አለ። ያን ጊዜ የጎደለው ቦታ ነው። ፕሮግራሙ በአንድ ጊዜ እንዲያስተናግድ የተፈቀደለት የሰው ቁጥር ሞልቷል። ሞሉ ከተባሉት ቦታዎች ውስጥ ደግሞ በተወሰኑት ላይ ማንም አልተቀመጠም።

ይህ እንዴት እንደሚሆን ላስረዳችሁ ነው የመጣሁት። የምናገረው ለኮምፒውተር ባለሙያ ብቻ አይደለም። ስንት ሰው ይግባ፣ የገባው ስንት ደቂቃ ይቆይ፣ መስመር የተቆረጠበት ሰው ቦታውን እስከ መቼ ይዞ ይቆይ የሚሉት ቁጥሮች የአስተዳደር ውሳኔዎች ናቸው ብዬ አምናለሁ። ማን ዛሬ እንደሚስተናገድ፣ ማን ደግሞ ሌላ ቀን ተመለስ እንደሚባል የሚወስኑት እነሱ ናቸው። እኛ ግን ማንም ሳይመክርባቸው፣ ፕሮግራሙ ሲጫን ይዟቸው እንደመጣ ትተናቸዋል።

ነገሩን ከሥሩ እንያዘው። በአንድ መሥሪያ ቤት መዝገቡ ሁሉ የተቀመጠበት ዋና ማሽን ሰርቨር ይባላል። በየጠረጴዛው ያሉት ኮምፒውተሮች ይጠይቃሉ፤ ሰርቨሩ ይመልሳል። አንዲት ሠራተኛ ጠዋት ስሟንና ፓስወርዷን ስታስገባ ሰርቨሩ ማንነቷን አረጋግጦ ሴሽን ይከፍትላታል። ሴሽን ሰርቨሩ ስለ እርሷ በአእምሮው የሚይዘው ነገር ሁሉ ነው፤ ማን እንደሆነች፣ ምን እንድታይ እንደተፈቀደላት፣ የትኛውን ቅጽ እንደከፈተች፣ ለመጨረሻ ጊዜ መቼ እንደጠየቀች። ይህ ባይኖር ቁልፍ በተጫነች ቁጥር እንደ አዲስ ማን ነሽ ትባል ነበር። የኢንተርኔት ገጾች የሚመላለሱበት ኤችቲቲፒ የተባለው ሥርዓትማ ሲፈጠር እንዲሁ ነበር፤ አንዱን ጥያቄ ከቀደመው ጋር አያይዞ አያውቀውም። በ1994 እ.ኤ.አ. የኔትስኬፕ ባለሙያ የነበረው ሉ ሞንቱሊ ኩኪን የፈጠረው ይህን ክፍተት ለመሙላት ነው። ሰርቨሩ ትንሽ ምልክት ይሰጣል፤ ብራውዘሩ በሚቀጥለው ጥያቄ ያንኑ ምልክት መልሶ ያሳያል። ዛሬ በድረ ገጽ የምንገባባቸው የመሥሪያ ቤትና የባንክ ፕሮግራሞች በአብዛኛው የሚያስታውሱን በዚህ መንገድ ነው።

አሁን ወደ ላይሰንስ። ሰው ፕሮግራም ገዛሁ ሲል ሲዲውን ወይም ያወረደውን ፋይል ያስባል። የተገዛው ግን የመጠቀም መብት ነው፤ መብቱም ወሰን አለው። የኮምፒውተር ፕሮግራም በሀገራችን ሕግ እንደ መጽሐፍና እንደ ሙዚቃ ሥራ የተጠበቀ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ይጠብቀዋል። ወሰኑ የሚለካበት መንገድ ግን ከሻጭ ሻጭ ይለያያል። አንዱ በማሽን ይቆጥራል። ሌላው በስም ይቆጥራል፤ በዝርዝሩ ላይ የተመዘገበ ሰው ብቻ ይገባል። ትላልቅ የዳታቤዝ (የመረጃ ማከማቻ) ሻጮች በሰርቨሩ ፕሮሰሰር ልክ የሚያስከፍሉበት ጊዜም አለ። የዛሬውን ጉዳያችንን በቀጥታ የሚነካው ግን አራተኛው ነው፤ በአንድ ጊዜ ውስጥ በገባው ሰው ብዛት የሚቆጠረው። የጋራ ላይሰንስ እንበለው። ሃያ ሠራተኛ ያለው ቢሮ አምስት ላይሰንስ ይገዛል፤ ሃያዎቹም መጠቀም ይችላሉ፣ በአንድ ጊዜ ግን ከአምስት በላይ አይገቡም። ይህን የሚቆጣጠሩ የላይሰንስ ሰርቨሮች መስፋፋት የጀመሩት በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ነው፤ በ1988 እ.ኤ.አ. የወጣው ፍሌክስ ኤልኤም እስከ ዛሬ በፍሌክስኔት ስም በብዙ የምሕንድስና ፕሮግራሞች ውስጥ ይሠራል።

የጋራ ላይሰንስ መልካም ሐሳብ ነው፤ ገንዘብ ይቆጥባል። አንድ ነገር ግን ልብ በሉ። በዚህ አቆጣጠር ሴሽንና ላይሰንስ አንድ ሆኑ። ሴሽን ሲከፈት ላይሰንስ ይወሰዳል፤ ሴሽን ሲዘጋ ላይሰንስ ይመለሳል። ሴሽኑ ሳይዘጋ ከቀረ ላይሰንሱም ሳይመለስ ይቀራል። እናም ላይሰንስ ይበቃናል ወይስ አይበቃንም የሚለው ጥያቄ ግማሹ የሴሽን አዘጋግ ጥያቄ ነው። ይህን ያልተረዳ ቢሮ ችግር በገጠመው ቁጥር ተጨማሪ ላይሰንስ ለመግዛት በጀት ይጠይቃል።

ወፍጮ ቤት ሄዳችሁ ታውቃላችሁ። ሦስት ወፍጮ አለ፣ ሰው ተሰልፏል። አንዷ ሴት እህሏን ከወፍጮው አፍ ላይ እንዳስቀመጠች ድንገት ተጠርታ ሄደች እንበል። ባለ ወፍጮው ትመለሳለች ብሎ ይጠብቃል። የዚያ ወፍጮ ሰልፍ ይቆማል። እርሷ ግን ቤቷ ገብታለች፤ ዛሬ አትመለስም። ባለ ወፍጮው ሰው ስለሆነ ትንሽ ጠብቆ እህሏን ያነሳና ለቀጣዩ ቦታ ይለቃል። ሰርቨር ግን ስንት ደቂቃ እንደሚጠብቅ ካልተነገረው በራሱ አይፈርድም።

ሰርቨሩ ሰውየው መሄዱን እንዴት አያውቅም? መልሱ በኔትወርኩ አሠራር ውስጥ ነው። ሠራተኛው በሥርዓቱ ሎግአውት ብሎ ሲወጣ ኮምፒውተሩ ለሰርቨሩ ጨርሻለሁ የሚል መልእክት ይልካል። መብራት ድንገት ሲጠፋ ግን ይህን የሚልክ የለም። ኮምፒውተሩ ሞቷል፤ ሰርቨሩ ደግሞ በሌላ ከተማ፣ በጄኔሬተር ወይም በባትሪ እየሠራ ነው። ከእርሱ አንጻር ዝም ያለ ሰውና የሌለ ሰው አንድ ናቸው። ሊነክስ በተባለው የሰርቨር ሥርዓት ላይ፣ ማንም ካልቀየረው፣ ዝም ያለ ግንኙነት ሕያው መሆኑ የሚጣራው ከ7,200 ሰከንድ በኋላ ነው። ይህ ድፍን 2 ሰዓት ነው። ከዚያም በየ75 ሰከንዱ 9 ጊዜ ይጠይቃል፤ መልስ ሲያጣ ነው ግንኙነቱን የሚቆርጠው። በድምሩ 2 ሰዓት ከ11 ደቂቃ ያልፋል። ያውም ፕሮግራሙን የጻፈው ሰው ይህ ማጣሪያ ይሥራ ብሎ ካዘዘ ነው። ካላዘዘ ግንኙነቱ ሰርቨሩ እስኪጠፋ ድረስ ሊቆይ ይችላል።

ሌሎቹን ቁጥሮችም ተመልከቱ። ማይ ኤስኪውኤል የተባለው በሰፊው የሚሠራበት ዳታቤዝ ዝም ያለ ግንኙነትን በተለመደው አቀማመጡ 28,800 ሰከንድ ይታገሣል፤ 8 ሰዓት፣ አንድ ሙሉ የሥራ ቀን። ብዙ ድረ ገጾች የተጻፉበት ፒኤችፒ ደግሞ በተቃራኒው ሴሽንን ከ1,440 ሰከንድ በኋላ፣ ከ24 ደቂቃ በኋላ ማለት ነው፣ ሊጠርገው ይችላል። አንዱ ቀኑን ሙሉ ቦታ ያስይዛል፤ ሌላው ረጅም ቅጽ በጥንቃቄ የምትሞላ ሠራተኛን ሥራዋ ሳያልቅ ያስወጣታል። ሁለቱም ቁጥሮች እዚህ የተወሰኑ አይደሉም። መስመር ብዙም በማይቆረጥበት፣ መብራት ብዙም በማይጠፋበት አገር ያለ ሰው ለራሱ ኑሮ በሚስማማ መንገድ አስቀመጣቸው። ያጠፋው ጥፋት የለም። ጥፋቱ የኛ ነው፤ ቁጥሩን ለኛ ኑሮ አላስተካከልነውም።

በአንድ መሥሪያ ቤት ያየሁትን ልንገራችሁ። አምስት የጋራ ላይሰንስ ነበራቸው። መብራት ጠፍቶ በተመለሰ ቁጥር ሠራተኞቹ ሊገቡ ሲሞክሩ የተጠቃሚ ቁጥር ሞልቷል የሚል መልእክት ይመጣል። ቦታዎቹን የያዙት እነሱ ራሳቸው ናቸው፤ ከመብራቱ መጥፋት በፊት የከፈቷቸው ሴሽኖች። ቴክኒሻኑ መፍትሔ አገኘ፤ ሰርቨሩን ማጥፋትና ማብራት። ሁሉም ቦታ ይለቀቃል። ነገር ግን በሌላ ክፍል መብራት ያልጠፋባቸው ሠራተኞች ነበሩ፤ እነሱ በግማሽ የሞሉት ሥራ ጠፋ። ከጊዜ በኋላ ማጥፋትና ማብራት የዕለት ተዕለት ልማድ ሆነ። ሠራተኞቹም ሲስተሙ አይታመንም ብለው በወረቀት መዝገብ መያዝ ጀመሩ፤ ወሩ ሲያልቅ ወረቀቱን ወደ ኮምፒውተር ይገለብጣሉ። ያ ሁሉ ገንዘብ የወጣበት ሲስተም የወር መጨረሻ የጽሕፈት መሣሪያ ሆኖ ቀረ። መድኃኒቱ ዝም ያለ ሴሽን በ15 ደቂቃ እንዲለቀቅ፣ የተሞላው ረቂቅ ግን እንዲቀመጥ ማድረግ ነበር። አንድ ባለሙያ ግማሽ ቀን የሚፈጅበት ሥራ ነው።

ከዚህ ጋር የሚሄድ አንድ ትንሽ ልማድ አለ፤ የዊንዶውስ ሰርቨርን ከሩቅ የምታስተዳድሩ ሰዎች ስሙኝ። ለአስተዳደር ሥራ ያለ ተጨማሪ ላይሰንስ የሚፈቀደው 2 ሴሽን ብቻ ነው። መስኮቱን በጥጉ ባለው የኤክስ ምልክት ስትዘጉት ከሰርቨሩ አልወጣችሁም፤ ግንኙነቱ ቢቋረጥም ሴሽናችሁ እዚያው ቆሟል። ሁለት ባለሙያ እንዲህ አድርጎ ወደ ቤቱ ከሄደ የሁለቱም ሴሽን፣ ውስጡ ካለው ያላለቀ ሥራ ጋር፣ በሰርቨሩ ላይ እንደቆመ ያድራል። ሳይን አውት የሚለውን ተጫኑ። ከ2 ሰው በላይ እንዲገባ የሚያስችለው የሪሞት ዴስክቶፕ አገልግሎት ሲጫን ደግሞ 120 ቀን ያለ ላይሰንስ ያሠራል፤ በ121ኛው ቀን ማስገባት ያቆማል። አራት ወር በደንብ ሠርቶ ድንገት የቆመ ሲስተም ስታዩ መጀመሪያ ይህን ጠርጥሩ።

አሁን ወደ ሐሙስ እንምጣ። ሐሙስ የዚህች የቀይ አፈር ከተማ ገበያ ነው። በናው፣ ፀማዩ፣ ሐመሩ፣ አሪው ማሩን፣ ቅቤውን፣ ፍየሉን ይዞ ይመጣል። ከቆላ የመጣ ሰው ገበያውን ብቻ አይደለም የሚጨርሰው፤ ባንክም ይገባል፣ የወረዳ ጉዳይም ይኖረዋል፣ የታመመ ልጅም ያሳያል። የዚህ ከተማ ሳምንት እኩል የተከፋፈለ አይደለም። ሻጮች ስንት ላይሰንስ እንደሚያስፈልግ ሲያሰሉ ግን በአማካይ ነው የሚያሰሉት፤ ይህን ያህል ሠራተኛ ካላችሁ ይህን ያህሉ በአንድ ጊዜ ይገባል ይላሉ። አማካዩ ለማክሰኞ ይበቃል። ሐሙስ ከጠዋቱ 4 ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ሠራተኛ መስኮቱ ላይ ነው፤ ያን ጊዜ አንድ የተረሳ ሴሽን አንድ ሙሉ መስኮት ይዘጋል። ለአዲስ አበባ ነዋሪ ሲስተም የለም ማለት ከሰዓት በኋላ ተመለስ ማለት ነው። ሌሊት ተነሥቶ በእግሩ ለመጣ ሰው ግን የሚቀጥለው ሐሙስ ማለት ነው። ሳምንት ማለት ነው። ስለዚህ በዚህ ወረዳ ላይሰንስ የሚቆጠረው በሐሙስ ነው። ማንም ሻጭ በማክሰኞ ቁጥር እንዲያሳምናችሁ አትፍቀዱ።

ቦታ ሲጠፋ ሰው ዝም ብሎ አይቀመጥም፤ ዘዴ ይፈልጋል። የተለመደው ዘዴ ፓስወርድ መዋዋስ ነው። ይህን ነገር በጣም እፈራዋለሁ፤ ትንሽ ልቆይበት። ላይሰንሱ በስም በሚቆጠርበት ቢሮ ሦስት ስም ተገዝቶ ሰባት ሠራተኛ ካለ አራቱ በሌላ ሰው ስም ይሠራሉ። ሠራተኛ ተዛውሮ ሲሄድ ስሙ አይሠረዝም፤ አዲስ ስም ገንዘብ ያስወጣላ። የመጣው ሰው በሄደው ሰው ስም ይቀጥላል። በፋይናንስ ሥራ ክፍያ የሚያዘጋጀው ሰውና የሚያጸድቀው ሰው የተለያዩ እንዲሆኑ የተደነገገው ያለ ምክንያት አይደለም። ሁለቱ በአንድ ፓስወርድ ከገቡ ወይም አንዱ የሌላውን ፓስወርድ ካወቀ ያ ጥበቃ በወረቀት ላይ ብቻ ቀረ። በሴሽኑ መዝገብ ላይ የተጻፈው ስም ሐሰት ሆነ። ኦዲተር ሲመጣ፣ ወይም ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ፣ መዝገቡ የሚመሰክረው በዚያ ቀን ቢሮ ውስጥ ባልነበረ ሰው ላይ ሊሆን ይችላል። የኮምፒውተር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 958/2008 ያለ ፈቃድ ወደ ኮምፒውተር ሥርዓት መግባትን በወንጀል ያስቀጣል፤ የወጣት ሠራተኛ ሕይወት በዚህ እንዲበላሽ አልፈልግም። እዚህ ያላችሁ ኃላፊዎች፣ ፓስወርድ አትዋዋሱ የሚል ማስታወቂያ ከመለጠፋችሁ በፊት ላይሰንሱ ለሠራተኞቻችሁ ቁጥር ይበቃ እንደሆነ እዩ። ሥራውን ለመሥራት ሌላ መንገድ የሌለውን ሰው በማስታወቂያ መከልከል አይቻልም።

ኮምፒውተር የማይነካ ሰውም ከሴሽን አያመልጥም። በስልክ ገንዘብ የሚላክበትና የሚከፈልበት ቴሌብር ግንቦት 3 ቀን 2013 ዓ.ም. ሥራ ጀመረ፤ ዛሬ ስማርት ስልክ የሌለው ሰው በ*127# ይጠቀምበታል። ይህ ዩኤስኤስዲ የሚባለው መንገድ ከአጭር የጽሑፍ መልእክት ይለያል። የጽሑፍ መልእክት ተልኮ ተቀባዩ እስኪገኝ ይጠበቃል። ዩኤስኤስዲ ግን ስልኩና ኔትወርኩ ተያይዘው የሚነጋገሩበት ሴሽን ነው፤ ለመመለስ ከዘገያችሁ ወይም ሲግናሉ ከጠፋ ይቆረጣል። በአንድ ጊዜ የሚመጣው ጽሑፍም ትንሽ ነው፤ በላቲን ፊደል ቢበዛ 182 ሆሄ፣ በኛ ፊደል ግን 80 ብቻ፤ ምክንያቱም እያንዳንዱ የግዕዝ ሆሄ ሁለት ባይት ይወስዳል። ስለዚህ የአማርኛው ዝርዝር ጽሑፍ ይጠብበታል፤ ማጠር ወይም ወደ ብዙ ገጽ መከፋፈል አለበት፤ ጊዜው ግን አይጨምርም። አማርኛ የማያነብ የበና አርብቶ አደር ደግሞ ሌላ ሰው እያነበበለት ነው የሚመርጠው። ሰዓቱ የሚቆጥረው ለፈጣን አንባቢ ተመጥኖ ነው።

ፍየል ገዝታችሁ በቴሌብር ስትከፍሉ ምሥጢር ቁጥሩን ካስገባችሁ በኋላ ቢቆረጥስ? ገንዘቡ ሄዷል ወይስ አልሄደም? ትእዛዛችሁ ወደ ሰርቨሩ ሳይደርስ ተቆርጦ ከሆነ አልሄደም። ደርሶ፣ ተፈጽሞ፣ መልሱ ሲመለስ ተቆርጦ ከሆነ ግን ሄዷል፤ የጠፋው ማረጋገጫው ብቻ ነው። በስልኩ ላይ ሁለቱ አንድ ይመስላሉ። ስለዚህ ሁለተኛ ከመክፈላችሁ በፊት ከ127 የሚመጣውን መልእክት ጠብቁ፣ ካልመጣ ሂሳባችሁን እዩ። ፕሮግራም ለመጻፍ የምትማሩ ተማሪዎች ደግሞ ይህን ያዙ፤ በደንብ የተሠራ ሲስተም ለእያንዳንዱ ትእዛዝ ልዩ ቁጥር ይሰጣል፣ ያ ቁጥር ሁለተኛ ጊዜ ሲመጣ ይህን ቀድሜ ፈጽሜዋለሁ ብሎ የመጀመሪያውን መልስ ይደግማል እንጂ ገንዘቡን ሁለት ጊዜ አያነሳም። መስመር በሚቆረጥበት አገር ያለዚህ የክፍያ ሲስተም መጻፍ ተገቢ አይደለም።

ሀገራችን መስመር በሚዘገይበትና በሚቆረጥበት ቦታ ሲስተም በማሠራት ተሞክሮ የላትም አትበሉ፤ አላት። ወረዳዎችን ከክልልና ከፌዴራል ጋር ለማገናኘት ወረዳኔት የተጀመረው በ1990ዎቹ ዓ.ም. አጋማሽ ነው፤ ሩቅ ወረዳዎች የተያያዙት በሳተላይት ነበር። ሳተላይቱ ከምድር ወገብ በላይ 36,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ይቆማል። ጥያቄ ወጥቶ ወርዶ፣ መልሱም ወጥቶ ወርዶ እስኪደርስ በብርሃን ፍጥነትም ቢሆን ግማሽ ሰከንድ ያህል ያልፋል። ግማሽ ሰከንድ ኢምንት ይመስላል። ነገር ግን አንድን ቅጽ ለመክፈት ከሰርቨሩ ጋር 60 ጊዜ የሚመላለስ ፕሮግራም አለ፤ በአንድ ሕንፃ ውስጥ ሲሞከር በቅጽበት ይከፈታል፣ በሳተላይት ግን 30 ሰከንድ ይፈጃል። አዲስ አበባ ላይ ተሞክሮ ጸደቀ የተባለ ፕሮግራም ወረዳ ላይ የሚሞተው አንዳንዴ በዚህ ምክንያት ነው።

የፋይናንስ ሥራው ታሪክም ያስተምራል። ወረዳዎች የራሳቸውን በጀት ማስተዳደር ሲጀምሩ ለሀገሪቱ አሠራር ተብሎ የተጻፈ አይቤክስ የተባለ የበጀትና የሂሳብ ፕሮግራም ተሰራጨ። የሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ባለሙያዎች ከመንግሥት ጋር በሠሩት ፕሮጀክት የተዘጋጀ ነው። መስመር በሌለበት ለብቻው በአንድ ኮምፒውተር ላይ መሥራት ይችል ነበር። ኋላ የመጣው ኢፍሚስ የተባለው የፋይናንስ ፕሮግራም ደግሞ ኦራክል የተባለውን የዳታቤዝ ሻጭ ምርት መሠረት ያደረገ ነው፤ አቅሙ ሰፊ ነው፣ የሚፈልገውም ቋሚ መስመር ነው። ኦራክል ምርቶቹን በስም በተመዘገበ ተጠቃሚ ወይም በፕሮሰሰር ልክ እንደሚሸጥ የታወቀ ነው። እኔ አንዱን አወድሼ ሌላውን ልነቅፍ አልመጣሁም። ማዕከሉ ሁሉንም በአንድ ጊዜ ማየቱ ጥቅም አለው። ዋጋው የሚከፈለው ግን መስመሩ በሚቆረጥበት ጫፍ ላይ ነው፤ ይህ ዋጋ በግዢ ሰነድ ላይ ሲጻፍ አላየሁም።

የገንዘቡም ነገር አለ። ላይሰንስ ድሮ አንድ ጊዜ ይገዛ ነበር፤ አሁን ብዙ ድርጅቶች በየዓመቱ የሚታደስ ክፍያ አድርገውታል፤ ክፍያውም በዶላር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ከ100 ብር በላይ ሆነ። የወረዳ በጀት ዓመት ሐምሌ 1 ይጀምራል፤ በጀቱም በብር ነው። የላይሰንሱ ማብቂያ በየካቲት ቢሆን፣ ምንዛሬውም ቢንር፣ ገንዘቡ ከየት ይመጣል? ያላደሰ ሰው ደግሞ ፕሮግራሙን ብቻ አይደለም የሚያጣው፤ አንዳንዱ ውል ውስጡ ያለውን መረጃ ማንበብም ይከለክላል። የሕዝብ መዝገብ በሻጭ ቁልፍ ውስጥ መቅረት የለበትም። ይህ ለኔ ለድርድር የማይቀርብ ነጥብ ነው።

ሌላ መንገድ እንዳለ የሚያሳዩ ሁለት ምሳሌዎች በእጃችን አሉ። ብሔራዊው የፋይዳ መታወቂያ የተሠራው ሞሲፕ በተባለ፣ ሕንድ ባንጋሎር ባለ የቴክኖሎጂ ተቋም በተጀመረ ክፍት ፕሮግራም ላይ ነው። ኮዱ ለሁሉም የተገለጠ ነው፤ በተመዝጋቢ ወይም በሠራተኛ ቁጥር ላይሰንስ አይጠየቅበትም። ከሞሲፕ ጋር የሚመጣው የመዝጋቢ ፕሮግራም ደግሞ ያለ መስመር እንዲሠራ የታሰበ ነው። የሰውየውን መረጃ እዚያው ይመዘግባል፣ በምሥጢር ቁልፍ ይቆልፋል፣ መስመር ሲገኝ ይልካል። ሰው ፊት ቆሞ ሳለ ሴሽን ተቆረጠ አይባልም። ሁለተኛው ጤና ጣቢያዎች ሪፖርት የሚልኩበት ዲኤችአይኤስ 2 ነው፤ በኖርዌይ በኦስሎ ዩኒቨርሲቲ የሚመራ ክፍት ፕሮግራም ነው። በመረጃ ማስገቢያ ገጹ ላይ እያሉ መስመር ቢጠፋ የተሞላው ቁጥር በኮምፒውተሩ ውስጥ ይቆያል፤ መስመር ሲመለስ ወደ ሰርቨሩ ይሄዳል። የጤና ባለሙያዎች ይህን ከኔ በላይ ታውቁታላችሁ።

ክፍት ፕሮግራም ግን ነጻ ምሳ ነው ብላችሁ አትሂዱ። ላይሰንሱ ገንዘብ ባይጠይቅም ሰው ይጠይቃል፤ የሚጭነው፣ የሚያድሰው፣ ሲበላሽ ሌሊት የሚነሳ ሰው። ያ ሰው ደመወዝ ያስፈልገዋል፤ መደቡም በመዋቅሩ ላይ መኖር አለበት። የጂንካ ዩኒቨርሲቲ እዚሁ ደጃችን ላይ ነው፤ ከቀይ አፈር 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ተማሪዎቹ የመመረቂያ ሥራቸውን በአዲስ አበባ ምናባዊ ሱፐርማርኬት ላይ ከሚሠሩ የዚህን ወረዳ የአንድ ወር የሴሽን መዝገብ፣ ስም እየተሸፈነ፣ ቢመረምሩ የሚያገኙት ነገር ነገ በሥራ ላይ የሚውል ነው። ስንት ሴሽን በሥርዓቱ ተዘጋ? ስንቱ በመቆረጥ ሞተ? የሞተው ለምን ያህል ጊዜ ቦታ ይዞ ቆየ? በየትኛው ቀን፣ በየትኛው ሰዓት? እነዚህን ቁጥሮች ይዞ ሻጭ ፊት የሚቀመጥ የግዢ ኮሚቴ ይከበራል።

ኮሚቴው ሲቀመጥም ውሉ ላይ እንዲጻፍ የሚጠይቃቸው ነገሮች አሉ። ቆጠራው በስም ነው ወይስ በአንድ ጊዜ በገባ ሰው? በስም ከሆነ ሠራተኛ ሲዛወር ስሙን ያለ ክፍያ መቀየር ይቻላል? የተቆረጠ ሴሽን በስንት ደቂቃ ቦታውን ይለቃል፣ ያን ቁጥር ማን መቀየር ይችላል፤ የኛ ባለሙያ ወይስ የሻጩ ብቻ? ከሻጩ የላይሰንስ ሰርቨር ጋር ያለን መስመር ለሦስት ቀን ቢጠፋ ፕሮግራሙ መሥራቱን ይቀጥላል? ላይሰንሱ ቢያልቅ መረጃችንን በተለመደ ፋይል አውጥተን መውሰድ እንችላለን? አንድ ሻጭ ለእነዚህ በጽሑፍ ካልመለሰ ሌላ ሻጭ ይጠራ።

ሰርቨር የምታስተዳድሩ ባለሙያዎች ግን ኮሚቴ መጠበቅ የለባችሁም። ዝም ያለ ግንኙነት የሚጣራበትን 2 ሰዓት ወደ 5 ደቂቃ ማውረድ አንድ መስመር መጻፍ ነው። የሴሽኑን ጊዜ ቅጽ ከሚሞሉት ሠራተኞች ጋር ቁጭ ብላችሁ፣ ረጅሙ ቅጽ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ለክታችሁ ወስኑ። የወሰናችሁትን ቁጥርና ምክንያቱን ደብተር ላይ ጻፉ፤ ከእናንተ በኋላ የሚመጣው ሰው ለምን 20 ደቂቃ ሆነ ብሎ እንዳይቸገር። ረቡዕ ማታ፣ ከሐሙስ ሥራ በፊት፣ የተንጠለጠሉ ሴሽኖችን ዝርዝር አውጥታችሁ እዩ፤ ባለቤታቸውን ጠይቃችሁ ዝጉ። ይህን ዝርዝር እንዴት እንደሚወጣ በየዳታቤዙ ዓይነት አዘጋጅቼ ይዤ መጥቻለሁ፤ ላፕቶፓችሁን ይዛችሁ ወደ ፊት ኑ፣ አብረን እንየው።